ከወገቧ ሥር ያለው መስኮት

ጉንዳን የሚጣበቀው በሆዱ በኩል ነው። ጀርባው ወደ ላይ፣ እግሩ ወደ ታች ሆኖ፣ እንደ ሦስት ማዕዘን በተቆረጠች የወረቀት ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ወረቀቷ በስፒል ትወጋና መሳቢያው ውስጥ ትተከላለች። ይህን ሥራ ሃያ ዓመት ሠርቼዋለሁ። ወንድሜ ግን አንድ ቀን፣ ተማሪዎቹ ሁሉ ባሉበት፣ በጀርባዋ ያጣበቅኋትን አንዲት ጉንዳን በስፒሏ ይዞ ከፍ አደረጋትና፣ «እዩልኝ! አጣብቅ ስንለው ሰማይ እያየች አስተኛት! ከሰባተኛ ክፍል ሌላ ምን ይጠበቃል?» አለ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሰው ሲስቅብህ አብረህ ካልሳቅህ ሁለት ጊዜ ነው የሚሳቅብህ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። የሳቁት ልጆች ዛሬ የልጆች ወላጆች ናቸው፤ ረስተውታል። እኔ አልረሳሁም። ለምን በጀርባዋ እንዳጣበቅኋት የጠየቀኝ የለም እንጂ መልሱ አጭር ነበር፤ ተሳስቼ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስድሳ ጉንዳን አጣብቄ ዓይኔ ደክሞ ነበር። ወንድሜ ከነስፒሏ ቅርጫት ውስጥ ወረወራት። ክፍሉ ባዶ ሲሆን አነሳኋትና በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጥኋት።

ወንድሜ ስል የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጅ ማለቴ ነው። በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። አባታችን ሲሞት ከሁለት አንዳችን መሥራት ነበረብንና እኔ ሰባተኛን ጨርሼ መጋዝ ያዝሁ፣ እሱ ደብተር ያዘ። ያኔ «ጋሼ» ነበር የሚለኝ። ጋሼ እርሳሴን ቅረጽልኝ፣ ጋሼ ይኼን ትል ያዝልኝ። ተምሮ ተምሮ የጉንዳን ዶክተር ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ «ጉንዳን ሲያተኩሰው መርፌ ሊወጋ ነው?» እያለ ሲያላግጥበት አንገት ለአንገት ተያይዤ የተጣላሁለት እኔ ነኝ።

የነፍሳት ተቋሙ ሲከፈት መሳቢያ የሚሠራ አናጺ ፈለጉና አመጣኝ። አቧራ የማይገባባቸው፣ በአንድ ጣት ተስበው የሚመጡ አርባ መሳቢያዎች ሠራሁ። በመክፈቻው ቀን እናታችን አዲስ ቀሚሷን ለብሳ አጠገቤ ቆማለች። አንድ ትልቅ ሰው መሳቢያውን እየሳበ እየመለሰ «ማነው የሠራው?» አለ። ወንድሜ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመና «እዚህ የሚሠራልን ሰውዬ ነው» አለ።

ሰውዬ! እናቴ እጄን ያዝ አድርጋ ጨበጠችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልቆየችም፤ ጣቶቿ ግን እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አሉ።

ከመሳቢያው ቀጥሎ «ጣቱ ለቀጭን ሥራ ይሆናል» ተባለና ጉንዳን አጣባቂ ሆንኩ። ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም ቀርቶ «ጋሽ ኮላ» ተባልኩ።

ይህን ሁሉ ሳወራ ሥራውን የምጠላው እንዳይመስላችሁ። ጉንዳን በማይክሮስኮፕ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጉንዳን ማለት ስኳር ላይ የሚሰለፍ ጥቁር ነገር ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያዋን አጉልቼ ያየሁ ዕለት ሳላውቀው ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ፊት ነበራት! ፊቷ ላይ እንደ ጣት አሻራ የቀጠነ መስመር ተስሏል፤ ግንባሯ ላይ ይጀምርና ዓይኗን ዞሮ ጉንጯ ላይ ያልቃል። አናጺ ነኝ፤ ጥሩ እንጨት ላይ አንድ እንዲህ ያለ መስመር ሳይሰበር ለማውጣት ምን ያህል ትንፋሽ መያዝ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። እሷ መቶ አላት፣ ያውም የሩዝ ፍሬ ግማሽ በማታህል ፊት ላይ። ማን ተቀምጦ ጠረባት? ለማንስ ብሎ? ከመሬት በታች፣ በጨለማ ውስጥ፣ ማንም ለማያያት!

ትምህርቴን የተማርሁት በጀርባዬ ነው። የእኔ ጠረጴዛ ግድግዳውን ያያል፤ ወንድሜ ከኋላዬ ተማሪዎቹን ያስተምራል። ጆሮ በር የለውም። እነዚህ የእኛ ጉንዳኖች አዳኞች ናቸው፤ ከጉንዳን ቤተሰብ ቅርንጫፎች አንዱ ናቸው፤ «ንዑስ ቤተሰብ» ይለዋል። እንዴት ይለያሉ? ወገባቸው ይታያል። የአንዳንዱ ጉንዳን ወገብ ሁለት ጉብታ አለው፤ የነዚህ አንድ ብቻ። ከዚያ ሆዳቸው ላይ፣ ልክ ከመጀመሪያው ቀለበት በኋላ፣ ቀበቶ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ የሚመስል ስርጉድ አለ። ሌላው ጉንዳን ብዙው መውጊያውን ትቶታል፤ እነሱ አልተዉም፤ መርፌያቸው ከነመርዙ አለ። ንግሥታቸውም ከሠራተኞቹ እምብዛም አትለይም፤ ቤታቸው ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት አሥሮች ሆነው በአንድ ድንጋይ ሥር ይኖራሉ።

አብዛኞቹ ለአደን የሚወጡትም ለየብቻ ነው። ይህ ነገር ልቤን ነክቶታል። አንዲት ሠራተኛ፣ ብቻዋን፣ በማታውቀው ጨለማ ከራሷ የሚረዝም ትል አግኝታ፣ ተናንቃ፣ ወግታ፣ እየጎተተች ቤቷ ትገባለች። ማንም አያጨበጭብላትም። መንጋጋዋን እንደ ወጥመድ ከፍታ የምትዞር ዘመዳቸውም አለች። ፊቷ ላይ ያለች አንዲት ፀጉር ስትነካ መንጋጋዋ ይዘጋል፤ እኛ ዓይናችንን አንዴ እስክናርገበግብ ያ መንጋጋ ከሺህ ጊዜ በላይ ሊዘጋ በቻለ። ወንድሜ ይህን ሲናገር ድምፁ ይለወጣል፤ ያ ትል ያዝልኝ የሚለኝ ልጅ ይሆናል። እኔም ቂሜን እረሳና በወረቀትና በኮላ መሀል እጄ ይቆማል።

አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ አለ። ከነሱ መካከል ንግሥታቸው ስትሞት ሠራተኞቹ በአንቴና እየተገራረፉ ለቀናት የሚፋለሙ አሉ። ያሸነፈችው እንቁላል ጣይ ትሆናለች፤ የቤቱ አለቃ በሏት። «አለቃ ስትሆን ታዲያ» አለ ወንድሜ «አንጎሏ ይቀንሳል። ከአምስት እጅ አንድ እጁ ያህል ይጠፋል።»

ሳቄ አመለጠኝ። የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ከተሾመ ገና ወሩ ነበር።

«ምን ያስቅሃል፣ ጋሽ ኮላ?»

«ኧረ እኔ እቴ! ለጉንዳኗ አዝኜ ነው፣ ዶክተር።»

ተማሪዎቹ ወረቀት አፋቸው ላይ ያዙ። ከሥልጣኗ ስትወርድ አንጎሏ ተመልሶ ያድጋል ብሎ ትምህርቱን ቀጠለ። ለሰውም እንዲሁ ያድርግለት ብዬ በሆዴ መረቅሁ።

እሱም ሳይመልስልኝ አልቀረም። ምስጥ ላይ የሚዘምቱ፣ ከዚሁ ቤት የሆኑ ጉንዳኖች አሉ፤ እነሱ እንኳ በሰልፍ ነው የሚሄዱት። በጦርነቱ የቆሰለውን ጥለው አይመጡም፤ ተሸክመው ቤት ያስገቡታል፣ ቁስሉን ይልሱለታል። ይህን በሰማሁ ጊዜ ዓይኔ ውስጥ ውሃ ሞላ። በኋላ፣ በእናታችን የልብስ ሳጥን ውርስ ምክንያት በረንዳ ላይ ስንጨቃጨቅ፣ ያለፈውን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ ወንድሜ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ እነዚያ የቆሰሉት ጉንዳኖች ብቻቸውን ሲሆኑ እንደሚሮጡ ታውቃለህ? ዘመድ አጠገባቸው ሲደርስ ነው የሚያነክሱት። አንተም እንደዚያ ነህ።»

ያለው ውሸት አልነበረም፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ከበረንዳው ወረድሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በክብሪት ቀፎዬ ያለችው ጉንዳን እህቶች አሏት። ጠቅላላ አሥራ ሁለት ነበሩ። ከከተማው ዳር ካለ ኮረብታ፣ ከአንድ ድንጋይ ሥር የተገኙ ናቸው፤ ቡናማ፣ ቁመታቸው ሦስት ሚሊ ሜትር የማይሞላ። ድንጋዩን የገለበጥሁት እኔ ነኝ። በየስፒሉ ላይ ከጉንዳኗ በታች አንዲት ትንሽ ወረቀት ትሰካለች፤ ከየት፣ መቼ፣ ማን አገኛት የሚል ይጻፍባታል። ያለዚያች ወረቀት ጉንዳኗ ከአቧራ አትሻልም። በአሥራ አንዱ ወረቀት ላይ «ያገኛት» በሚለው ቦታ የወንድሜን ስም ጽፌያለሁ፤ ታዝዤ ነው። ለተጣለችው ግን የራሴን ስም ከነአባቴ ጻፍሁላት። ማንም የማያያት ስለሆነች ደፈርሁ።

የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች፤ በእኔ ኮላ ነው የተጣበቀችው። እኔ የማፈላው ኮላ ከቆዳ ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ሲነካው ይለቃል። አናጺ ይህን ያውቃል፤ ጥሩ ኮላ መያዝም መልቀቅም የሚችል ነው። በዚያው ሳምንት አንድ መሳቢያ በመኪና ሲጓዝ ተንገጫግጮ ስምንት ጉንዳን ረገፈ። ወንድሜ ተናዶ ሽታው ዓይን የሚያቃጥል የፋብሪካ ኮላ አመጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ። ብዙ አድርግበት፤ እስከ ወገባቸው ይያዛቸው።»

«ዶክተር፣ ይኼ አንዴ ከያዘ አይለቅም እኮ።»

«ካልያዘ ምኑን ኮላ ሆነ? አንተ ዝም ብለህ አጣብቅ።»

ዝም ብዬ አጣበቅሁ። አሥራ አንዱም እስከ ወገባቸው ኮላ ውስጥ ገቡ።

ከወራት በኋላ ወንድሜ ሲያስተምር ሰማሁት። በዚህ ንዑስ ቤተሰብ ውስጥ ከወገባቸው ሥር መስኮት ያላቸው ወገኖች አሉ። ከወገቧ ጉብታ በታች እንደ አገጭ ወደ ታች የወረደች ትንሽ ዝርግ ቅጥያ አለች፤ በሷ ላይ ፊት ለፊት ክብ፣ ስስ ቦታ አለች፤ ብርሃን ያልፍባታል። ከኋላዋ ደግሞ ሁለት ጥቃቅን ጥርሶች። መስኮቷና ጥርሶቹ ካሉ ያ ወገን ነው፤ ከሌሉ ሌላ ቤት ፈልጉላት። በምሳ ሰዓት ቀፎዬን አወጣሁ። ሰማይ እያየች የተኛችው ጉንዳን ወገቧን ገልጣ ጠበቀችኝ። ከኋላዋ መብራት አበራሁ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? አንድም ሰው የማይኖርበት ትልቅ ቤት በጨለማ ስታልፉ፣ ድንገት አንዲት መስኮት ስትበራ እንደማየት ነው። የወርቅ ቀለም ያላት ክብ ብርሃን። ትንፋሼ መስታወቱን እንዳያደበዝዘው አፌን በእጄ ያዝሁ። ከጀርባዋ ሁለቱ ጥርሶች ልክ እንደተነገረው ቆመዋል።

ለማንም አልነገርሁም። ወንድሜ ግን አሥራ አንዱን ከላይ ከላይ አይቶ «መስኮት የሌላት አዲስ ዝርያ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ስለ አዳኞቹ ቤት በሙሉ ትልቅ መጽሐፍ ጀመረ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሚከፍተው በሷ ነው። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ዝም ልል፣ መጽሐፉ ታትሞ በየአገሩ እስኪበተን ልጠብቅ፣ ከዚያ ቀፎዋን በፖስታ አሽጌ ለሚያውቁት ልልክ። ሰባተኛ ክፍል ምን እንደሚያስተምር ያኔ ያያሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሳሌን ዋጥ አድርጌ ያዝሁ።

መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንዲት አዋቂ አይተው መፈረም ነበረባቸው። ፕሮፌሰሯ አንድ ጠዋት መጡ፤ አጭር፣ ነጭ ፀጉር፣ የራሳቸውን መብራት በቦርሳ የያዙ አሮጊት። ወንድሜ ከረባት አስሮ ነበር። እኔ በቦታዬ ግድግዳዬን እያየሁ ተቀምጫለሁ።

ሴትዮዋ መሳቢያውን በአንድ ጣት ሳቡት። «ውይ! ምንም አይጮኽም። ይህን የሠራ እጅ ይባረክ።»

«ጥሩ ባለሙያ አለን» አለ ወንድሜ።

ባለሙያ። ከሰውዬ አንድ ደረጃ ከፍ አልሁ ማለት ነው።

ፕሮፌሰሯ አንዷን አነሱ፤ ቀጥሎ ሌላዋን። አሥራ አንዱንም አዩ። ቀና ሲሉ ግንባራቸው ተቋጥሯል።

«ወገቧ የታለ?»

«ኮላው ውስጥ ነው። እንዳትወድቅ ብለን ነው።»

«አልወደቀችም፤ እውነት ነው። ሰጥማለች እንጂ።»

ኮላውን ሊያስለቅቁ በጠብታ ፈሳሽ ሞከሩ። እኔም ተጠርቼ በቀጭን ብሩሽ አገዝሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ኮላው ላላ ሲል ጉንዳኗ ከወገቧ ተቀነጠሰች። ፕሮፌሰሯ የሰው ልጅ የወደቀ ይመስል «እኔን!» አሉ። ሁለተኛ ለመሞከር እጃቸው እምቢ አለ።

«እዚያው ቦታ ሄደን ሌላ ብንፈልግስ?»

«ኮረብታው የለም፤ ድንጋይ መፍጫ ሆኗል» አለ ወንድሜ።

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ከላይ የሚታየው ሁሉ ልክ ነው። ከሥር ያለውን እኔ አላየሁም። መስኮት የላትም ካሉ በእርስዎ ቃል ነው የምፈርመው። ግን ነገ አንድ ሰው መስኮት ያላት አንዲት ቢያመጣ፣ መጽሐፉ ከነስምዎ መሳቂያ ነው የሚሆነው። አይተዋል?»

ወንድሜ ከረባቱን አስተካከለ። «ከአሥራ አንዱ በአንዷም ላይ አላየሁም» አለ።

ውሸት አልተናገረም። እውነትም አልተናገረም። ወደ ግድግዳዬ ተመልሼ ብሩሹን ማጠብ ጀመርሁ። ፕሮፌሰሯ «ከምሳ በኋላ እፈርማለሁ» አሉና ወጡ።

በኮሪደሩ ሳልፍ የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሴትዮ በሯ ላይ ቆማ ነበር።

«ጋሽ ኮላ፣ ዛሬ ምነው ፊትህ እንደ ሠርገኛ በራ?»

«ጠላት ሲወድቅ ማን ይከፋዋል?»

«የትኛው ጠላት? ጠላት እንኳ የለህም እኮ አንተ! ያለህ አንድ ወንድም ነው።» እዚህ ወንድማማች መሆናችንን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ የእናታችን ጎረቤት ነበረች።

አልፌያት ሄድሁ። የእንጨት ክፍሌ ገብቼ ከኮላ ጣሳዎቹ ጀርባ ቀፎዋን አወጣሁ። ነገሩ ከጠበቅሁትም በላይ ነበር፤ በምስክር ፊት በገዛ ቃሉ ገብቶበታል። ከእኔ የሚጠበቀው አሁንም ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ደግሞ አይነቅዝም። ቀፎዋን ከፈትሁ። ጉንዳኗ እንደተኛች አለች። አጠገቤ የመጽሐፉ አንድ ገጽ ነበር፤ ሥዕሎቹን ከጉንዳኖቹ ጋር እንዳስተያይ የተሰጠኝ። የዝርያዋ ስም መስኮት በሌላቸው ወገኖች ዝርዝር ውስጥ ሰፍሯል። ከላይዋ የማታውቃቸው፣ ከታችዋ የማታውቃቸው፤ የእናቷ ልጆች ሌላ ገጽ ላይ።

ያን ገጽ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን የእናቴ ጣቶች መዳፌን ጨበጡት። እዚህ የሚሠራልን ሰውዬ ነው! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያላሰብሁት ነገር ይኸ ነበር። ቅጣቱ ለወንድሜ ቢሆንም የሚጻፍባት እሷ ነች። ሚሊዮን ዓመት ያን መስኮት ተሸክማ መጥታ፣ እኔ እያወቅሁ፣ የሌላ ቤት ልጅ ልትባል። በእኔ የደረሰውን በእሷ ላይ የማደርስባት ምን በድላኝ ነው? ለወንድሜ አላዘንኩም፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ለጉንዳኗ ነው የተነሣሁት።

ወንድሜ ብቻውን ነበር፤ ፕሮፌሰሯ አልተመለሱም። ቀፎዋን ፊቱ አስቀመጥሁ።

«ምንድነው?»

«ሰማይ የምታየዋ።»

ከፈታት። ስፒሏን ሲያይ ወዲያው አወቃት። «አልተጣለችም?»

«እኔ የምጥለው ነገር የለኝም፤ ታውቀኛለህ።»

ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረጋት። እኔ ከኋላዋ መብራቱን ዞር አደረግሁለት። ብዙ ቆየ። ጆሮው ሲቀላ ከጎኑ ቆሜ አየሁ፤ በልጅነቱም ሲያጠፋ የሚቀላው ጆሮው ነው።

«መስኮት አላት» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«አላት።»

«ጥርሶቹም አሉ።»

«አሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«አንተ ካስተማርህበት ቀን ጀምሮ።»

ዓይኑን አነሣ። ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። «አሥራ አንድ ዓመት! እንዴት አስቻለህ?»

«ዘመድ ሲያየኝ አይደል የማነክሰው? ዘመድ የሚያየኝ ጠፍቶ ነው።»

ጉንዳኗ በመካከላችን ነበረች። ጣቱ ከሷ አንድ ስንዝር አይርቅም።

«በጥፍርህ ጨፍልቃት» አልሁት። «ከእኛ በቀር ማንም አላያትም። ሴትዮዋ ይፈርማሉ፣ መጽሐፍህ ይወጣል። እኔ ደግሞ ምስክር የለኝም፤ ሰባተኛ ክፍል ነኝ።»

እውነቴን ነበር ያልኩት፤ አልቀለድሁም። ጣቱን አየው። ቀጥሎ፣ ሲፈራ እንደሚያደርገው፣ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ከተተ። በሩ ተከፈተ፤ ፕሮፌሰሯ እጃቸውን በመሀረብ እያደረቁ ገቡ።

«ፕሮፌሰር» አለ ወንድሜ፣ «እንዳይፈርሙ። ተሳስቻለሁ።»

አሮጊቷ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ወደ ማይክሮስኮፑ አጎነበሱ። ከዚያ የሰማሁት ድምፅ ከሳቅም ከለቅሶም የወጣ አይደለም፤ የሚጣፍጥ ነገር የቀመሰ ሰው ድምፅ ነው።

«አምላኬ! እንዴት ታበራለች! ማነው እንዲህ አገላብጦ ያጣበቃት? በዓላማ ነው?»

«በስህተት ነው» አልሁ።

«እንዲህ ያለ ስህተት ለእኔም ያድርግልኝ። በሚለቅ ኮላ፣ ምንም ሳይነካት!» ብለው የማላውቀውን ምስጋና አወረዱብኝ። «ለምን እንደሆነች ታውቃላችሁ፣ ይህቺ መስኮት? እኔ አርባ ዓመት አየኋት፣ ዛሬም አላውቅም።» ያ ነገር ከሁሉ ገረመኝ። አለማወቃቸውን ሲናገሩ ፊታቸው ደስታ ነበር።

ስፒሏን ቀስ ብለው አነሡና ከታች ያለችውን ወረቀት አነበቡ። ከየት። መቼ። ማን አገኛት። ሁለቴ አነበቡ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወንድሜን አዩ፣ እኔን አዩ።

«የአባት ስማችሁ አንድ ነው» አሉ።

ያችን ደቂቃ ስንት ጊዜ በሐሳቤ ሠርቻታለሁ መሰላችሁ። መልስም አዘጋጅቼ ነበር፤ የስም መመሳሰል ነው፣ እኔ እዚህ የምሠራ ሰውዬ ነኝ፤ ብዬ የምወጋበት። መርፌው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

ፕሮፌሰሯ ግን ጉንዳኗን መልሰው አስቀመጡና ወንበሩን ወደ እኔ ገፉ። «ይዩአት እንጂ፤ የእርስዎ ናት። የእኔ መብራት የተሻለ ነው።»

ተቀመጥሁ፣ ዓይኔን አስጠጋሁ። እውነትም የተሻለ ነበር። ከዚያ በፊት ያየሁት የበራ መስኮት ነው፤ አሁን ወደ ውስጥ ይታየኝ ጀመር። ስሱ ቦታ ከአንድ ቀጭን ቆዳ የተሠራ ነው፤ በላዩ ላይ እንደ ውሃ ክብ እየሰፉ የሚሄዱ መስመሮች ነበሩበት። ሁሉም እኩል፣ አንዱም አልተሰበረም። መጋዝ ከያዝኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም።

ከጀርባዬ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታላቄ ነው» አለ። «ጋሼ ነው። ድንጋዩንም የገለበጠው፣ መሳቢያውንም የሠራው እሱ ነው።»

ሰማሁት። አንድም ቃል አላመለጠኝም። ግን መስመሮቹን እየቆጠርሁ ነበር፤ ዘጠነኛው ላይ ደርሼ ነበርና ዓይኔን አላነሣሁም።

«መብራቱን ትንሽ ወደ ግራ አድርግልኝ እስቲ» አልሁት።

አደረገልኝ።